ባላምባራስ ሳሙና እየጠበቁ ነው

መብራት በጠፋበት ምሽት፣ ክዳኑ በተሰረቀ የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ቀኝ እግሬን አስገባሁ። የቀረው አካላቴ አብሮ ለመግባት ፈቃደኛ ስላልሆነ ቁርጭምጭሚቴ በሁለቱ መካከል ሽማግሌ ገብቶ ተሰበረ። በእጄ የያዝኩት አንድ ኪሎ ቲማቲም ከእኔ ይልቅ የሰፈሩን ሰው ሳያሳዝን አልቀረም። ባትሪ ይዘው የደረሱት ልጆች መጀመሪያ የለቀሙት እሱን ነው።

ጀሶ ታስሮልኝ፣ ስድስት ሳምንት እንዳትረግጥ ተብዬ ቤት ስገባ ሁለት ጠያቂ መጣ። አንዷ ጎረቤታችን እትዬ ናቸው። ሙዙን አስቀምጠው፣ ጀሶውን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉና «ወጌሻ ሳያይህ እንዲህ እንደ ግድግዳ መለሰን ምን አጣደፈህ?» አሉኝ። ሁለተኛው የእህቴ ልጅ ነው። «ጋሼን ላጫውት» ብሎ ላፕቶፑን አቅፎ መጣ። እውነቱን ለመናገር የመጣው የእኛ ቤት ኢንተርኔት ከእነሱ ስለሚፈጥን ነው። እግርጌዬ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲተኩስ ይውላል።

አንድ ቀን እያየሁት፣ የሚያንቀሳቅሰው ወታደር ደረቱ ላይ ዘጠኝ ጥይት ተቀበለ። ቆጥሬያለሁ፤ ሌላ ሥራ አልነበረኝም። የስክሪኑ ዳር ዳር ቀላ። ሰውየው የፈረሰ ግድግዳ ተጠግቶ፣ ዳገት እንደ ወጣ ሰው ጥቂት አለከለከ። ቅላቱ ጠፋ። ተነሥቶ ሮጠ።

«ሐኪም ቤት አይሄድም?» አልኩት።

«ለምን ይሄዳል? ላይፉ ተመለሰ እኮ ጋሼ።»

«የት ሄዶ ነበር?»

ዝም አለኝ። እኔ ግን ቅናት ያዘኝ። ዘጠኝ ጥይት በአንድ ግድግዳ የሚድን ከሆነ እኔ ከግድግዳ ጋር ተጣብቄ መዋል ከጀመርኩ ሳምንቴ ነው።

ይህን በማለክለክ መፈወስ እ.ኤ.አ. በ2005 (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው) የወጣው ኮል ኦፍ ዲዩቲ 2 ከተጠቀመበት ወዲህ የተኩስ ጌሞች እየተቀባበሉት ለምደውታል። በእኛ ጊዜ መድኃኒቱ ምግብ ነበር። በ1992ቱ ወልፈንስታይን ስሪዲ፣ የናዚ ጥይት የበሳሳው ሰው መሬት ላይ የተቀመጠ ዶሮ ሲያገኝ ይበላና 10 ነጥብ ጤና ይጨምራል። የባሰበት ቀን የውሻም ምግብ ይበላል፤ የውሻው 4 ነው። እኔም ከሥራ ሰዓት በኋላ በመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር ላይ ብዙ ጊዜ በልቼ ድኛለሁ።

በዓመቱ ዱም የሚባለው ጌም ጥሩር ይዞ መጣ። አረንጓዴውን ከለበስክ ከሚደርስብህ ጉዳት ሲሶውን ይወስድልሃል፤ ሰማያዊውን ከለበስክ እኩሌታውን። የቀረው ለሥጋህ ነው። አባቴ ቢያዩት ኖሮ ማስረዳት አያስፈልጋቸውም ነበር፤ አንዱ ሲሶ አራሽ፣ አንዱ እኩል አራሽ። ጥይቱ ግንባር ይምታ ተረከዝ፣ ጥሩሩ ግድ የለውም። እንደ ጭቃ ሹም ከየማሳው ድርሻውን ይሰበስባል።

በእነዚህ ጌሞች ሰው ማለት ቁጥር ነው፤ የእህቴ ልጅ «ላይፍ» የሚለው ይህንን ነው። መቶ ሲሆን ይሮጣል፤ አንድ ሲቀረውም ያንኑ ያህል ይሮጣል፤ ዜሮ ሲሆን ብቻ ይወድቃል። በመቶና በአንድ መካከል ምንም የለም። እንግዲህ እኔን ቁጠሩኝ። ልቤ ደህና፣ ሳንባዬ ደህና፣ ሁለት እጄ ደህና፤ የተሰበረችው አንዲት አጥንት ናት። በዚህ ስሌት ቢያንስ ዘጠና ስድስት ነበርኩ። ዘጠና ስድስቱን ይዤ ግን ሽንት ቤት ለመድረስ የሁለት ሰው ትከሻ እፈልግ ነበር።

ይህን ለእህቴ ልጅ ነገርኩት። አሰበበት። በማግሥቱ «ለአንተ የሚሆን አግኝቻለሁ፤ ይኼኛው እንዳንተ ነው የሚታመመው» ብሎ አንድ ጌም ከፈተልኝ።

ስሙ ድዋርፍ ፎርትረስ ይባላል፤ የድንኮች ምሽግ ልንለው እንችላለን። ታርንና ዛክ አዳምስ የሚባሉ ሁለት አሜሪካዊ ወንድማማቾች ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2006 በነፃ የለቀቁት፣ ለዓመታትም ተጫዋቾች በሚለግሷቸው ገንዘብ እየኖሩ ያሳደጉት ጌም ነው። ድሮ ሥዕል እንኳ አልነበረውም። ድንኩ ፈገግ ያለ ክብ ፊት፣ ድመቱና ውሻው እያንዳንዳቸው አንዳንድ የላቲን ፊደል ነበሩ። የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በ2012 የቪዲዮ ጌም መሰብሰብ ሲጀምር ከመረጣቸው ውስጥ ግን ይህ የፊደል መንጋ አንዱ ነበር። በ2022 መጨረሻ ሥዕል ያለው እትም ለገበያ ወጣ፤ እኔ የተዋወቅሁት ያንን ነው።

ፊደል ይሁን እንጂ አካል አለው። በተለይ ከ2010ሩ እትም ወዲህ እያንዳንዱ ፍጡር ቆዳ፣ ከቆዳው ሥር ስብ፣ ከስቡ ሥር ጡንቻ፣ ከጡንቻው ሥር አጥንት ኖሮታል። ጣቶቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ጥርስ አለው፣ ጉበት አለው፣ ነርቭ አለው። መሣሪያው ደግሞ በክብደቱ፣ በስለቱ ስፋትና በተሠራበት ብረት ጥንካሬ ይሰላል። ስለዚህ ውጊያ ሲደረግ «20 ነጥብ ቀነሰ» የሚል ነገር አታይም። የምታነበው የአስከሬን ምርመራ ውጤት የሚመስል ጽሑፍ ነው፤ ልዩነቱ ተመርማሪው ገና ቆሞ መዋጋቱ ነው።

በማስተዳድረው ምሽግ የጦር አለቃዬን ባላምባራስ ብዬ ሾምኳቸው። ጢማቸው እስከ እምብርት የሚወርድ፣ ሲጠጡ የማይሰክሩ ድንክ ናቸው። በምሽጉ ካለው ሁሉ ምርጡን የብረት ልብስ አለበስኳቸው፤ የክንድ መሸፈኛ ግን አላሠራሁም። ብረት ለመቆጠብ ነው። ጎብሊን የሚባሉት ክፉዎች ሲመጡ በር ላይ አቆምኳቸውና «ያዝ እንግዲህ» አልኩ።

የመጀመሪያው ጎብሊን ቀኝ ክንዳቸውን በጦር ወጋ። ቆዳውን አለፈ፤ ስቡን አለፈ፤ ጡንቻውን ቀደደ፤ እንደ ዋዛ ደግሞ አንዲት ቃል ተጨመረች፦ ነርቭ። ሰይፉ ከእጃቸው ወደቀ። በላይፍ ቢሆን ዘጠና ይኖራቸው ነበር። ሁለተኛው በመዶሻ ቅልጥማቸውን መታ። ገምባሌው አልተበሳም፤ የእኔ አንጥረኛ የሠራው ነውና ኮራሁ። ከገምባሌው ሥር ያለው አጥንት ግን ተሰበረ። ባላምባራስ ወደቁ፣ አስመለሳቸው፣ ከሕመሙ ብዛት ራሳቸውን ሳቱ። ሌሎቹ ድንኮች ደርሰው ጎብሊኖቹን ባያባርሩ ኖሮ ወጌ እዚህ ላይ በተዝካር ያልቅ ነበር።

«አልተበሳም እኮ!» ብዬ ለእህቴ ልጅ ጮህኩ።

«መዶሻ ነዋ፤ መብሳት ምን ያደርግለታል?»

እውነቱን ነው። ስለት የሚገድለው ኃይሉን ሁሉ ወደ አንዲት ቀጭን መስመር ሰብስቦ ነው፤ ከእሱ የሚጠነክር ብረት ካጋጠመው ይነጥራል። የመዳብ ሰይፍ ይዞ የብረት ልብስ የለበሰን ጠላት መምታት በግሪሳ ማባረሪያ ጅራፍ የባቡር ሐዲድ መግረፍ ነው። መዶሻ ግን ከብረቱ ጋር ጠብ የለውም። ክብደቱን ያስረክባል፤ ብረቱ ለአጥንቱ ያቀብላል። ቡና የወቀጠ ሰው ይህን ያውቃል፤ ዘነዘናው ከቀለለ ቡናው አይደቅም።

እኔ ግን ቡና ከመጠጣት በቀር ወቅጬ ስለማላውቅ አዳማንታይን የሚባለውን፣ በዚያ ጌም ከብረት ሁሉ ውዱንና ብርቁን፣ መዶሻ አድርጌ አሠራሁት። ሞኝነት ነው። አዳማንታይን ለሰይፍ ወደር የለውም፤ ስለቱን ምንም አይመልሰውም። ክብደቱ ግን እንደ ላባ ነው። ወታደሬ ጎብሊኑን አሥራ አንድ ጊዜ መታው፤ ጎብሊኑ የተዳበሰ መሰለው። ለመዶሻ ከዚያ ይልቅ ብር ይሻላል፤ ከባድ ነው። በየትኛውም የጌም ዞን ብትጠይቁ ውድ ዕቃ ጥሩ ዕቃ ነው ይሏችኋል፤ እዚህ ግን የዕቃው ዋጋ ምን ልታደርግበት እንዳሰብክ ይጠይቅሃል።

ለማንኛውም ባላምባራስ ሆስፒታል ገቡ። እዚህ ላይ ጌሙ ልቤን ወሰደው። ሐኪም ድንክ መጥቶ ይመረምራል። ቁስል ይታጠባል፤ በክር ይሰፋል፤ በጨርቅ ይጠቀለላል። የተሰበረ አጥንት በእንጨት ይታሰራል፣ አለዚያም በጀሶ። አዎ፣ በጀሶ! ድንጋዩን ቆፍረህ፣ ምድጃ ውስጥ አቃጥለህ፣ ዱቄቱን በውሃ ለውሰህ። እግሩ የማይድን ክራንች ይሰጠዋል። ከሁሉ የገረመኝ በክራንች መሄድ በዚያ ጌም እንደ ሰይፍ አያያዝ በልምምድ የሚያድግ ሙያ መሆኑ ነው። እኔ በዚያን ጊዜ ከአልጋ እስከ በር በክራንች ሁለት ጊዜ ወድቄ ነበርና ጀማሪ መሆኔን ዐወቅሁ።

እትዬ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ ባላምባራስ አልጋ ላይ ሆነው እግራቸው በእንጨት እየታሰረ ነበር። መነጽራቸውን አስተካክለው ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አሉ።

«ምኑ ነው?»

«የተሰበረ እግር ነው እትዬ፤ እንጨት እያሰሩለት ነው።»

«አየህ!» አሉ፣ ጀሶዬን በንቀት እያዩ፤ «እነሱ እንኳ ወጌሻ አላቸው።»

አካልን በዚህ ልክ የሚያሰላ ዓለም አንዳንዴ ባለቤቶቹንም ጉድ ይሠራል። በ2015 መጠጥ ቤት በጌሙ ውስጥ ሲከፈት የየምሽጉ ድመት ያለ ምክንያት ማለቅ ጀመረ። ታርን አዳምስ ቢያጣራ ነገሩ እንዲህ ሆኖ ተገኘ፦ ጠጪዎች መሬት ላይ ቢራ ያፈስሳሉ፤ ድመት በላዩ ይራመዳል፤ ድመት ደግሞ እግሩን ይልሳል። በስሌት ስሕተት እያንዳንዷ ልሰት እንደ ሙሉ ብርጭቆ ትቆጠር ነበር። ድመቶቹ በስካር ነው የሞቱት። ማንም «ድመት ይስከር» ብሎ አልጻፈም። እግር፣ ምላስና ሆድ የተሰጠው ፍጡር ራሱ መንገዱን አገኘው።

ስለ ጥሩር ይበልጥ የገባኝ ግን ከሌላ ጌም ነው። ኪንግደም ካም፦ ዴሊቨራንስ በ2018 የወጣ፣ የቼክ ሰዎች ስለ ገዛ አገራቸው የሠሩት ነው። ዘመኑ 1403፣ አገሩ ቦሄሚያ፣ ጀግናው ሄንሪ የአንጥረኛ ልጅ ነው። ጭራቅ የለም፣ አስማት የለም። ሄንሪ ማንበብ እንኳ አይችልም፤ ሰይፍ ሲሰጠው እንደ ወፍጮ እጀታ ይዞት ይቆማል። ሲቆስል ይደማል፤ በጨርቅ ካልጠቀለለው ደሙ አይቆምም። ደም በልብሱ ይዞ ሰው ቤት ቢሄድ በክፉ ዓይን ይታያል።

የእህቴ ልጅ መጀመሪያ የገዛው የሚያብረቀርቅ የደረት ብረት ነው። ከብረቱ ሥር የሚለበሰውን የተነደፈ ካፖርት «የአሮጊት ልብስ» ብሎ ተወው። ራስ ቁሩንም ተወው፤ የሄንሪን ፀጉር ይሸፍናል። የከተማችን የሞተር ነጂ ሄልሜቱን ክርኑ ላይ አንጠልጥሎ ክርኑን ከአደጋ እንደሚጠብቀው ማለት ነው። ከጫካ የወጣው የመጀመሪያው ሽፍታ ደረቱን አላየለትም፤ በዱላ አናቱን አለው።

የዚያ ዘመን ሰው ግን ልብስ ይደርብ የነበረው ያለ ነገር አይደለም። ከሥር ብዙ እጥፍ የበፍታ ወይም ጥጥ የታጨቀበት ወፍራም ልብስ፤ ከላዩ የሰንሰለት ጥሩር፤ ከዚያ በላይ ሰሌዳ ብረት። ሰንሰለቱ ስለቱን ይይዛል፤ ምቱን ግን ያሳልፋል። ምቱን የሚውጠው ከሥር ያለው ጥጥ ነው። ጋቢውን አራት አጥፎ የለበሰ ሰው በዱላ ቢመታ ሸሚዝ ብቻ እንደ ለበሰው አይሆንም። ጭንቅላቱም እንደዚያው ነው፤ የጨርቅ ቆብ፣ የሰንሰለት ቆብ፣ ከዚያ ቁሩ። የቁሩ የፊት መዝጊያ ሲወርድ ጌሙ ስክሪንህን ወደ አንዲት ስንጥቅ ያጠብብሃል። ከፍተህ ፊትህን ትሰጣለህ፣ ወይም ዘግተህ ከጎን የሚመጣውን አታይም። ምረጥ።

ክብደቱም እንደሚወራው አይደለም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ ሙሉ የብረት ልብስ በግምት ከ15 እስከ 25 ኪሎ ነበር፤ ቢበዛ ሩብ ኩንታል ጤፍ። በመላ አካል ስለሚከፋፈል የለመደው ሰው ሮጦበታል፣ ፈረስ ላይ ወጥቶበታል። ቁም ነገሩ «የለመደው» የምትለዋ ናት። ዳዊት የሳኦልን ጥሩር ለብሶ አንድ ሁለት ከተራመደ በኋላ አልለመድኩትም ብሎ ያወለቀው ለዚህ ነው። ድንኮቹም ጥሩር መልበስን እንደ ሙያ ይማሩታል፤ ያልተማረ ድንክ በገዛ ብረቱ ይንቀራፈፋል።

መጽሐፍ ቅዱስን ካነሣሁ ንጉሡን አክዓብን ልተው አልችልም። ልብሱን ለውጦ፣ ጥሩሩን ለብሶ፣ ጦርነት መሐል ገባ። አንድ ሰው እንዲሁ ሳያነጣጥር ቀስቱን ወረወረ፤ ፍላጻውም የጥሩሩ መጋጠሚያ ላይ ገባ። ንጉሡ ወዲያው አልሞተም። በሠረገላው ላይ ተደግፎ ቆሞ፣ ደሙ ሲፈስ ውሎ፣ ማታ ነው የሞተው። የድንኮቹን ጌም የሠሩት ሰዎች የሚፈልጉት ጽሑፍ ይሄ ነው፤ የት ገባ፣ በምን በኩል አለፈ፣ ምን ያህል ደም ፈሰሰ፣ ስንት ሰዓት ፈጀ።

በእነዚህ ሁለት ጌሞች ሦስት ሳምንት ከቆየሁ በኋላ ሙሉ ፈሪ ሆኜ ተገኘሁ። መንገድ ላይ ሦስት ሽፍታ ካየሁ ሄንሪን በጫካ በኩል አዞራለሁ። ድንኮቹን በር ዘግቼ፣ ድልድይ አንሥቼ፣ ቢራ አስጠምቃለሁ። ሰይፍ ከመሳል ይልቅ የማስበው ስለ ክር፣ ስለ ጨርቅ፣ ስለ ውሃ ጉድጓድ ሆነ። ጠብ የማይቀር ከሆነ ደግሞ አንዱን ከብዙ ሰው ጋር ሆኜ፣ ከኋላ፣ በጨለማ። የእህቴ ልጅ አፈረብኝ።

«ጋሼ፣ ጌም እኮ ለመዝናናት ነው። ሕመም ካሰኘህ እግርህ አለልህ!»

ሐቅ አለው፤ አልክድም። ቡሺዶ ብሌድ የሚባል የ1997 የሳሞራይ ጌም ነበር። አንዲት ጥሩ ምት ትገድላለች፤ እግሩ ክፉኛ የተመታ ይድሃል። እውነት ነው፣ ግን አንዳንዱ ግጥሚያ ወንበር ላይ ተመቻችተህ ሳትቀመጥ ያልቃል። ሪምወርልድ የሚባለው ጌም ደግሞ ሌላ ነው፤ ያበደ የሽኮኮ መንጋ መጥቶ የሰፈራውን ምርጥ ቀዶ ሐኪም ጣት ሊቆርጥበት ይችላል። ጥይት የሚመልሰው ሰደርያ ደረትን እንጂ ጣትን አይሸፍንም። ከዚያ ወዲያ ያ ሐኪም ቀዶ ሕክምና ባደረገ ቁጥር አብረኸው ትሳቀቃለህ። ሽኮኮ ይህን ሲያደርግ መዝናኛ ነው ለማለት እኔም ይከብደኛል።

ሆኖም የታዘብኩትን ልናገር። በላይፉ ጌም የእህቴ ልጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ ከሁለት መቶ ሰው በላይ ገደለ፤ ማታ ላይ አንዱን እንኳ አላስታወሰም። በኪንግደም ካም አናቱን ያለውን ሽፍታ ግን ከነጢሙ፣ ከነዱላው፣ ከቆመበት ዛፍ ጋር ያስታውሰዋል። ቂም ይዞበት ሁለት ቀን ፈልጎታል። ሲያገኘው ቁር ደፍቶ፣ የአሮጊቷን ልብስ ለብሶ ነበር። በዚያም ላይ መዝጊያውን አውርዶ ከፊቱ ያለውን እያየ፣ ከጎን የመጣውን የሽፍታውን ጓደኛ አላየም።

አሁን ጀሶዬ ከወለቀ ሦስት ሳምንት ሆኖኛል። በክራንች መሄድን ጥሩ ደረጃ ላይ ሳደርስ ክራንቹን ቀሙኝ። እትዬ አንድ ወጌሻ አምጥተው በቅቤ አሳሽተውኛል፤ ካሁን ወዲያ ለዳንኩት መዳን ምስጋናው የማን እንደሆነ ክርክር የለም። ጉድጓዱ አሁንም ክዳን የለውም፤ አንድ ሰው የዛፍ ቅርንጫፍ ሰክቶበታል።

ባላምባራስ ግን አልተነሡም። እግራቸው ጠግኗል፤ የክንዳቸው ነርቭ ግን አይመለስም፤ በዚያ እጅ ሰይፍ አይዙበትም። ያለ ሳሙና የታጠበው ቁስላቸውም አመርቅዟል። እኔ ሳሙና የማሠራው ከአመድና ከሞራ ነው። አመዱ ተርፏል። ሞራ የሚወጣው ከከብት ነው፤ ከብቶቹን በሙሉ ጎብሊኖቹ ፈጅተዋቸዋል።